ግራ ጎኑ ያለቀ ማውስ ፓድ

እናትየዋ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች፤ ልጅቷ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጣ ጠላት ላይ ትተኩሳለች። «እዚህ ቤት ተኩስ አይበርድም» እያለ የሚያሾፍባቸው የእናትየዋ ባል ወንድም ነው። አናጺ ነው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ከእነሱ ጋር ይኖራል፤ የሚያድረው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው።

እናትየዋ ከሐዘኑ በኋላ ነገር አትችልም፤ ትንሹም ትልቁም ያስደነግጣታል። ዘመድ አዝማዱም ይህን ስለሚያውቅ ክፉ ወሬ ሲኖር ከእሷ ይደብቃል። ጠዋት ስትነሳ ሰውነቷ ዝልፍልፍ ይላል፣ ግራ ትከሻዋን ይቆረጥማታል። ያላት አንድ ልጅ ናት። ያቺን ልጅ ክፉ ከነካብኝ እኔም አበቃልኝ ትላለች፤ እውነቷን ነው።

የልጅቷ የጌም ውድድር ተቃርቧል። ማውስ ፓዷ ግን ተበልቶ ጠርዙ ተተልትሏል። ልጅቷ ትምህርት ቤት እያለች እናትየዋ አሮጌውን ጠቅልላ የኮምፒዩተር ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰደችው። ልጅቷ ሳታስበው አዲስ ገዝታ ልታስደስታት ነው።

ባለሱቁ ወሬ ይወዳል። ፓዱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው፤ ኪቦርዱንም ማውሱንም የሚይዝ፣ ጠረጴዛውን ሙሉ የሚሸፍን ዓይነት ነው።

«አሮጌውን ማምጣትሽ ደግ አደረግሽ፣ እህቴ» አላት። «ሰው የሚስማማውን አያውቅም፣ ፓዱ ነው የሚናገር። ይኸውልሽ፣ ይቺ የልጅሽ ናት።» በስተቀኝ በኩል ሳሳ ያለች ትንሽ ቦታ አሳያት። «እጇ ቀላል ነው፣ ፈጣን ናት። ለስላሳ ጨርቅ ይሻላታል።»

ከዚያ ጣቱ ወደ ግራ ሄደና ቆመ።

«ሌላውስ ማነው?»

«የምን ሌላ?»

«እስቲ እዪው። ይኼኛው ግራ እጅ ነው። ደግሞ አይጫወትም። መዳፉን ተጭኖ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ይመላለሳል። ትልቅ ሰው ነው፤ እጁ ሥራ የለመደ።»

እናትየዋ ክው አለች። ኮምፒዩተሩ ያለው ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል ነው። አናጺው ደግሞ ቀኝ እጁን መጋዝ ቆርጦት በፋሻ ከታሰረ ሰንብቷል፤ ሁሉን በግራው ነው የሚሠራው። እንጨት ሲልግ እጁ እንዴት እንደሚሄድ ስንት ጊዜ ቆማ አይታለች።

ጥቁር ለስላሳ ፓድ አንስታ ነበር፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ነጭ አለህ? የነካው ሁሉ የሚታይበት?»

«ነጭማ ቶሎ ይቆሽሻል።»

«እሱን ስጠኝ» አለችው።

ልጅቷ ነጩን ፓድ ስታይ ተጠመጠመችባት። እናትየዋም አቀፈቻት፤ ዓይኗ ግን ከአናጺው ላይ አልተነሳም። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ሰው ይመስላል። ለምንድነው የማይተኛው? እስከ ዛሬ አለመጠየቋ ራሷን አናደዳት። እራት አቅርባ ስትመለስ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ደረሰች፤ ሲያዩዋት ጸጥ አሉ። ለካ ይኼ አዲስ ነገር አልነበረም።

ሳትተኛ ልትጠብቅ ቆርጣ ነበር። እንደ ልማዷ የካውያ ሙቀት ያደረቀውን እጇን ቫዝሊን ቀብታ ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ጣላት።

ጠዋት ልጅቷ ፊቷን ስትታጠብ እናትየዋ ክፍሏ ገብታ አየች። በነጩ ፓድ ግራ ጎን ላይ ወዛም የመዳፍ ዱካ አለ፤ ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ተስቧል። የእንጨት ቅባት ነው አለች በሆዷ።

«ማታ ማታ እዚህ የሚገባው ማነው?» ልጅቷን ክንዷን ይዛ ጠየቀቻት።

የልጅቷ ፊት ዐመድ መሰለ። ዓይኗ ወደ ሳሎን ሸሸ።

«ማንም።»

«አትዋሺኝ፣ የኔ ልጅ።»

«እማዬ፣ እኔኮ…»

«ተይ» አለ አናጺው በሩ ላይ ቆሞ። «ቃል ገብተሽልኛል።»

ከዚህ ወዲያ ምን ልትሰማ። ልብሱን ሰብስባ ደጅ ላይ ወረወረችው።

«ወንድም ብዬ ቤቴ አስገባሁህ። ልጄን አምኜህ ተኛሁ። ውጣልኝ።»

አልጮኸም፣ አልማለም። ንጹሕ ቢሆን ይምል ነበር አለች። እሱ ግን የታመመ ሰው እንደሚያዩ እያያት ነበር፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት።

«እትዬ፣ እሄዳለሁ። ስትረጋጊ ቁጭ ብለን እናወራለን። አንድ ነገር ብቻ እሺ በይኝ፤ የውጭውን በር ቁልፍ ልጅቷ ትያዘው።»

«እንድትከፍትልህ?»

ልጅቷ ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ «አጎቴ አይሂድ» እያለች አለቀሰች። እናትየዋ ነጥላ ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ ልጄን ምን ቢያስነካት ነው እያለች እሷም አለቀሰች።

የዚያን ዕለት ሲመሽ ልጅቷ ክፍሏን ከውስጥ እንድትቆልፍ አደረገች። የውጭውንም በር ራሷ ቆልፋ ቁልፉን ትራሷ ሥር ከተተች። ግራ ትከሻዋን አሸት አሸት አድርጋ ተጋደመች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ እፎይ ብላ አታውቅም። ልጄን አተረፍኩ አለች።

ሲነጋጋ የመኪና ጥሩምባ ቀሰቀሳት፤ አስፋልቱ መሃል በሌሊት ልብሷ፣ በባዶ እግሯ ቆማ፣ በግራ እጇ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ የሌለ ልብስ ትተኩስ ነበር።