የአንድ ሰው ኮታ

ቲጃኒ የቡና መፈልፈያ መካኒክ ነበር። ከጅማ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ያለው የመንግሥት መፈልፈያ ሞተሩ ቀጥ ሲል መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን የሚፈታታው ማሽን ምሥራቅ ጀርመን የተሠራ ነውና እዚያው ሄዶ መማር አማረው። አምሮት ብቻም አይደለም፤ እንቅልፍ ነስቶታል።

ችግሩ ኮታው ነበር። ለባለሙያ የሚመጣው የትምህርት ዕድል ለአውራጃው በዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያምናው ማመልከቻ ሳይታይ የዘንድሮው ይደረብበታል፤ አብዮቱ ለሰልፍ አይሰንፍም። የቲጃኒ ማመልከቻ ግን ሰልፉ ውስጥ እንኳ ገብቶ አያውቅም። የቀበሌ ድጋፍ ስለሚያስፈልገው በየዓመቱ እዚያው ጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ ይቀራል።

ሊቀመንበሩ ጓድ ከፈለ ይባላል። ፊቱ የማይፈታ፣ ሰላምታ የሚቆጥብ ሰው ነው። ሰው አይወደውም፤ እሱም እንዲወዱት አይለፋም።

በጅማ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥም ሽማግሌ ይላካል። ቲጃኒም ላከ። ፊት የሚመሩት አጎቱ አባቦራ ነበሩ። አባቱ ሲሞት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የራሳቸው አንድ ልጅ ጀማለዲን ለትምህርት ሞስኮ ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ ስሙም ቤት ውስጥ አይነሳም። ፍቅራቸው ሁሉ ቲጃኒ ላይ ነው።

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይገባም፤ ነውር ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ መልስ ይጠብቃል። ቲጃኒም ጠበቀ። አባቦራ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

«ሂን ታኔ፣ አልሆነም ልጄ። ሰብር አድርግ፣ ታገሥ፤ ኸይር ነው» አሉት።

በሚቀጥለው ዓመትም ሄዱ፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላም እንደዚያው። እናቱ ባህሪያ ከፈለን ስትረግም ትውላለች፤ አባቦራ ግን «ተይ፣ ሰው አይረገምም» ይሏታል። ደግ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ቲጃኒ ከፈለን መንገድ ላይ አገኘው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ምን በደልኩዎት? ሽማግሌ ብልክ ብልክ አይሰሙም!»

ከፈለ ትክ ብሎ አየውና «እኔ የሽማግሌ ቃል አልጥልም» አለው። ሄደ።

ሲቀልድበት ነው። የቲጃኒ ደም ፈላ። ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰው አይወስዱም፤ እሱ ደግሞ ሊሞላው ነው። ዘንድሮ ካልሄደ መቼም አይሄድም።

አውራጃ ወጥቶ ከሰሰ። «ባለሙያ የሚያግድ፣ አብዮቱን የሚያደናቅፍ ሊቀመንበር ነው» አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያስበላል። ቲጃኒም ይህን ያውቃል፤ ግን ጨከነ።

ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሕዝቡም ሽማግሌዎቹም መጡ። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ከፈለን አስቆመው።

«የዚህን ሠራተኛ ማመልከቻ ለምን ያዝክ?»

ከፈለ ዓይኑን በአዳራሹ ላይ አዞረ።

«ምክንያት ነበረኝ።»

«ምን ምክንያት?»

«አልናገርም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። የሚናገረው የለውማ! ላንድሮቨር መጥታ ይዛው ሄደች፤ የት እንዳደረሰችው ያወቀ ሰው የለም። ቲጃኒ ትንሽ ቀፈፈው፤ ቢሆንም ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ቀለለው። አባቦራ ያን ቀን ምግብ አልቀመሱም። ባህሪያ ጾም የያዙ መሰላት።

አዲሱ ሊቀመንበር ኤርሲዶ የሚባል፣ ከከምባታ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ለቲጃኒ በፈገግታ «ማመልከቻህን አይቼዋለሁ፤ ምንም ችግር የለውም» አለው።

ቲጃኒ እየበረረ ቤት ገባ። «አባቦራ፣ ዘንድሮስ ሽማግሌ አያስፈልግም!»

አባቦራ መቁጠሪያቸውን እያፍተለተሉ «አዲስ ሰው አይደል፣ ልጄ? ደንቡን እናድርስ» አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ሽማግሌዎቹ ጥምጥማቸውን አሳምረው ወጡ። ቲጃኒ ቤት ቀረ። ተቀመጠ፣ ተነሳ፤ መፍቻዎቹን ደረደረ፣ መልሶ በተናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀውን «እሺ» በሰው አፍ ሳይሆን በገዛ ጆሮው መስማት ፈለገ። ነውር መሆኑን ያውቃል። ያም ሆኖ ተከተላቸው፤ ቀበሌው ጓሮ ዞረና ከክፍቱ መስኮት ሥር እያፈረ ቆመ።

«ጓድ ኤርሲዶ፣ ከፈለ በየዓመቱ እሺ ይለን ነበር» ይላሉ አባቦራ፤ «በአላህ ይዘንዎታል፣ እርስዎም ይህን ልጅ ያስቀሩልን፤ እኛ መለመናችንንም እንዳይሰማ።»