የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ

ታናሽ ወንድሟ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጣ። ሦስት ዓመት ብቻውን ሲሠራውና ሲሞክረው ቆይቶ ትናንት በኢንተርኔት የለቀቀውን፣ የሐዘን መልእክት የሚጽፍ ኤአይ ሊያሳያት ነበር። «እትዬ፣ ማን እንደሞተ ብቻ ንገሪው፤ ሌላውን እሱ ይጨርሰዋል» አላት ደረቱን ነፍቶ። ለማልቀስም ተላላኪ ተቀጠረ! አለች በሆዷ። ልታሳፍረው ብላ በአንድ ጣቷ «ባል» ብላ ጻፈች።

«እሱ ቢሄድም ደግነቱ ከደጅሽ አይርቅም…» ስክሪኑ ቃላቱን ደረደረ። የቀረውን ሳታነበው ታውቀው ነበር። ባሏ በሞተ ሳምንት ወንድሟ በስልኳ የላከላት፣ አሳትማ ከሟቹ ፎቶ ጀርባ ያስቀመጠችው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጽናናችበት ደብዳቤ ነበር። ቀና አለችና ትክ ብላ አየችው።

እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ አለ። «አዎ፣ አንቺ እኮ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ነሽ። ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጪዋለሽ?»