በካሳ ማሳ የሚያልፈው ቦይ

ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ታረቀኝ የደፈነው ቦይ አፍ ላይ ቆሜአለሁ። ደጋው ላይ ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ ሲያጉረመርም ነበር፤ የጎርፉ ድምፅ አሁን ከሮቢት ከተማ በላይ በኩል ይሰማል። ቢዘገይ ግማሽ ሰዓት ነው።

«ልጄ፣ ክፈትልኝ» እለዋለሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ዝናቡ የቀረው ማሽላው ራስ ሊያወጣ ሲል ነው። ዛሬ ካልጠጣ አለቀለት።»

ታረቀኝ የጎረቤቴ የካሳ ልጅ ነው፤ ካሳ ከሞተ ሁለት ዓመቱ። መሬቴ ከነሱ በታች ነው፣ ከአባቴ የወረስኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ውሃው በካሳ ማሳ መሃል በቦዩ አልፎ ወደ እኛ ይወርድ ነበር። ዘንድሮ ልጁ ቦዩን በአፈር ሞልቶ ሽንኩርት ተከለበት። አደፋፈኑንም አሳምሮታል፣ እጁን ቁርጥማት ይያዘውና።

«እትየ ኡሙሃኒ፣ ጎርፉ በዚህ ካለፈ ሽንኩርቱን ጠራርጎ ነው የሚወስድብኝ። የልጆቼ ጉሮሮ እኮ ነው።»

«የኔ የልጅ ልጆችስ ጉሮሮ የላቸውም?»

«አላልኩም።» አንገቱን ይደፋል። ክፉ ልጅ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ይሄ ቦይ አንተ ሳትወለድ የነበረ ነው። ሕጉም ቢሆን የውሃ መሄጃ አይዘጋም ይላል።»

«ሕጉ የተመዘገበውን ነው የሚያየው፣ እትየ።» ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣል። ቀበሌ ሄዶ ማስገልበጡን አላወቅሁም ነበር። «መሬቱ የተለካ ዕለት የተያዘው ቃለ ጉባኤ ነው። በካሳ ማሳ ላይ የሌላ ሰው መንገድ ወይም የውሃ መሄጃ አለ ወይ ተብሎ አዋሳኝ ተጠይቋል። የለም ይላል።»

«የትኛው ውሸታም ነው የለም ያለው?»

ወረቀቱን ይሰጠኛል። ማንበብ አልችልም። ከታች ያለውን ሰማያዊ አሻራ ግን አያለሁ፤ መሃሉ ላይ ሰንጥቆት የሚያልፍ ነጭ መስመር አለ። አውራ ጣቴን ማጭድ የቆረጠኝ ልጅ ሳለሁ ነው።

ወላሂ፣ ረስቼው ነበር። ለኪዎቹ የመጡ ዕለት ካሳ የቦዩ መሬት ከይዞታ ደብተሬ ይቀነስብኛል ብሎ ፈራና ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ኡሙሃኒ፣ የለም በያቸው። ውሃውን መቼ ከልክዬሽ አውቃለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አልከለከለኝም። እኔም በደስታ ፈረምኩለት፤ ጎረቤቴን መሬት ላስቀንስበት ኖሯል?

ጎርፉ ይደርሳል። ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ ይመጣና ቦዩን ከደፈነው አፈር ጋር ተላትሞ ወደ ወንዙ ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያ የአሸዋ ሲሳይ ነው።

ዶማው ከትከሻዬ ይወድቃል። ተንበርክኬ አፈሩን በጣቶቼ መጫር እጀምራለሁ፤ ጠባሳዬን ጭቃ ይሞላዋል። ታረቀኝ አጠገቤ ቆሟል፣ አይከለክለኝም። በእጅ እንደማይከፈት ያውቃል።

ታች ማሽላዬ የውሃውን ድምፅ እየሰማ ቆሟል።