የአዱሊስ ገበያ

አገኘሁሽ እንስራዋን እንዳዘለች የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ለወረታ ትምህርት ቤት ውኃ የምትቀዳው እሷ ናት። መምህሩ ስለ ጥንቱ የአክሱም መንግሥት እያስተማረ ነበር።

«ንጉሡ ዘምቶ ያስገበረው አገር ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይገብራል። ነጋዴው አዱሊስ ወደብ አውርዶ በጨርቅና በወይን ጠጅ ይለውጠዋል። መንግሥቱ የበለጸገው እንዲህ ነው።»

«የተማረኩት ሰዎችስ?» አለች አንዲት ተማሪ።

«እነሱም ከዝሆን ጥርሱ ጋር ይሸጡ ነበር።»

አገኘሁሽንም በልጅነቷ ባሪያ ፈንጋዮች ወስደው ከገበያ ገበያ ሸጠዋታል። ወረታ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ዘመዶቼ ደብረ ታቦር ናቸው እያለች ነው የኖረችው። መምህሩ አውቆብኝ ይሆን ብላ ልትመለስ ዞረች።

«ልጆችንም ይሸጡ ነበር?» ተማሪዋ ደግማ ጠየቀች።

«እሱን እንጃ፤ መጽሐፉ አይልም።»

«ልጆችንም ይሸጣሉ።»

አገኘሁሽ የተናገረችው እሷ መሆኗን ያወቀችው ሁሉም ወደ እሷ ሲዞሩ ነው። አንገቷን ደፍታ ሳቁንና ስድቡን ጠበቀች። የሳቀ አልነበረም። መምህሩ መጥቶ እንስራውን ከጀርባዋ አወረደላትና የራሱን ወንበር አቀረበላት።

«ይቀመጡ፣ እናቴ። አገርዎ የት ነበር?»

አገኘሁሽ ተቀመጠችና ደብረ ታቦር ማለቱን ትታ የተወለደችበትን መንደር ስም ነገረቻቸው።