አሁን ይነሳል

ቁልፉን አዞረ። የሞተር ብስክሌቱ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ፈዘዝ ብላ በራች። ማስነሻውን ሲጫነው ግን ከመቀመጫው ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማና መብራቷም አብራ ጠፋች።

«ታክሲ ያዝ» አለችው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ። «አውቶቡሱ እኮ አንተን ብሎ አይቆምም።»

«አሁን ይነሳል።»

እህቱ ጎህ ሲቀድ ማንንም ሳትቀሰቅስ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። አልጋውን አንጥፋለች፤ ብርድ ልብሱን እንኳ አራት ማዕዘን አድርጋ አጣጥፋዋለች። የምትሄደው ልጇ ዘንድ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ደግሞም ጠቅልላ ነው። በሞተር እስከ መናኸሪያ ሊሸኛት ቃል ገብቶላት ነበር።

ማታ ራት ላይ ግን ሴት ልጁን ፈተና ወደቅሽ ብሎ ጮኸባት። «ተው እንጂ ጩጬ፣ ልጅ ገበታ ላይ አይቆጡም» አለችው እህቱ። ጩጬ የምትለው እሷ ብቻ ናት፤ ጢሙ ሸብቶም ለእሷ ጩጬ ነው። እናታቸው ስትሞት የወተት ጥርሱ ገና አልወለቀም ነበር። ያጠበችውም ያበላችውም፣ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰችውም እሷ ናት። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ «አንቺ እናቴ አይደለሽም!» አላት። እህቱ የጎረሰችውን ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችና እጇን ልትታጠብ ተነሳች።

ሚስቱ በእሱ ስልክ መካኒኩ ዘንድ ደወለች፤ ያነሳው እያዛጋ ነው። ሞተሩን ሳይነካ በሽታውን ስለሚናገር ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ሚስቱ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋችው።

«ነዳጅ አለው?»

«ሙሉ ነው።»

«እስቲ ክላክሱን ንካው።»

ክላክሱ እንደታመመ ፍየል አቃሰተ።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ዶክተር። «ፊውዙን እየው።»

ፊውዙን በጥፍሩ ነቅሎ ወደ ብርሃን አነሳው። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ደህና ናት። መለሰው። የባትሪውን ጫፎች ሲፈታ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ለብሰው አገኛቸው። በሚስቱ የጥፍር ሞረድ ፈግፍጎ መልሶ አጠበቃቸው። ቁልፉን ሲያዞር መብራቷ ከቅድሙ ደመቀች።

«አየሽ?» አላት።

ተጫነው። ቀጭ። ጠፋች።

«ታክሲ ብትይዝ ይሄኔ ደርሰህ ነበር።»

«አሁን ይነሳል አልኩሽ እኮ!»

ድምፁ ከፍ ማለቱን ራሱ ሰማው። መስኮቱ ላይ ልጁ መጋረጃውን ለቀቀችና ከዓይኑ ተሰወረች። አቀረቀረ።

ታክሲውን ያልፈለገው ወዶ አልነበረም። በታክሲ የሄደ ሰው ወርዶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ መናገር አለበት። በሞተር ቢደርስ ግን ድምፁን ሰምታ ትዞራለች፣ ትስቃለች፣ ነገሩ ሳይነሳ ያልፋል።

«ገፍታችሁ ሞክሩት» አለ ዶክተር።

ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ገፋችለት። ማርሽ አስገብቶ ክላቹን ሲለቀው የኋላው ጎማ ተንሸራቶ ቀጥ አለ። «እኔ አንተን ያገባሁት ልፈናጠጥበት ነው ወይስ ልገፋው?» አለች እያለከለከች። ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር።

«ማሳውን አይተኸዋል?» አለ ዶክተር። «ከባትሪው ወጥቶ ሻንሲው ብረት ላይ የታሰረውን፣ ጥቁሩን ሽቦ። እስቲ በጣትህ እያጠፍክ ሂድ።»

ሽቦው ላዩ ጤነኛ ነው። ብሎኑ አጠገብ ሲደርስ ግን ጣቱ ሥር ተልፈሰፈሰ። ፕላስቲኩን በቢላ ሰነጠቀው። ውስጡ ያለው መዳብ ተበጣጥሶ የቀሩት ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው።

«ይሄን ሽቦ እንቀይረው ስልህ ነገ አላልከኝም?» አለ ዶክተር ይህን ሲነግረው።

«ብዬሃለሁ» አለ።

የተበላሸውን ቆርጦ ጣለ፤ ጤነኛውን ጫፍ ልጦ፣ ክሮቹን ጠምዝዞ ብሎኑ ሥር አሰራቸው። ቁልፉን አዞረ። ተጫነው። ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ።

«ሰማሁት! በል እንግዲህ ልተኛበት» አለና ዶክተር ስልኩን ዘጋ።

ሚስቱ እየሮጠች ገብታ ሁለት ሄልሜት ይዛ ወጣች። ያን ጊዜ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። የደወለውን አየችና ሰጠችው።

«ጩጬ፣ ነቃህ?» አለች እህቱ። «እኛ ወጣን እኮ፣ ከተማውን ለቀናል። በርህ ላይ ቆሜ ልጠራህ ብዬ ነበር፤ ደክሞታል፣ ይተኛ አልኩ። ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ሞተሩ ነው።»

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

ሚስቱ ፊት ለፊቱ ቆማ በከንፈሯ ብቻ «ንገራት» አለችው። አፉን ከፈተ። የማታውን ቃል ለማውጣት አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀበትም ነበር።

«ሥራ» አለ።

«እሑድም?»

«ሥራ በዝቷል፣ እትዬ።»

ከወዲያ አውቶቡሱ ማርሽ ሲቀይር ተሰማ።

«እሺ» አለች። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሚስቱ ሄልሜቶቹን ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። እሱ ግቢው መሃል ቀረ። ሞተሩ ያለ እንከን ይሠራል። ሊያጠፋው ጥቁር ቅባት የለበሰ እጁን ቁልፉ ላይ አሳረፈ፤ ማዞር ግን አቃተው።