አደስና ኮሰረት

የስመኝ የወደፊት አማት ልጅቷን ለማየት ከልጃቸው ጋር የሚመጡበት ቀን ነውና ቤቱ ከማለዳ ጀምሮ ቀውጢ ሆኗል። እናቷ ደጃቸው ላይ ነጭ አበባ ካንዠረገገው አደስ ቅጠል ቀጥፈው ወቀጡና ለስመኝ ፀጉር በሚሆነው ቅቤ ለወሱት። ለክትፎው ደግሞ ሌላ ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት አነጠሩ። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ኩባያ ጓዳ አስቀመጡ።

ጉንፋን የሚሉት ጣጣ የእናትንም የልጅንም አፍንጫ ከደፈነው ሳምንት ሆኖታል። ስመኝ አንዱን ኩባያ አንስታ ፀጉሯን ተቀባች፤ እናቷ ሌላውን ክትፎው ላይ ገለበጡት።

እንግዶቹ መጡ፤ ማዕድ ቀረበ። አማት አንዴ ጎረሱና ቆም አሉ። ደግመው ጎረሱ።

«ውይ የኔ እመቤት፣ ይሄ ቅቤ ምን ገብቶበታል? የሙሽርነቴን ጊዜ አስታወሰኝ እኮ!»

«የእጄ ሙያ ነው» አሉ እናት ኮራ ብለው፤ «ስመኝም ከኔ ወርሳለች።»

ስመኝ ተነስታ እጮኛዋን ደጋግማ አጎረሰችው። ተመልሳ ስትቀመጥ እሱ ወደ እናቱ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እማዬ፣ እኔስ ጠግቤ ነበር። ግን ስመኝ ልታጎርሰኝ ጎንበስ ባለች ቁጥር፣ እንጃ፣ እንደገና ይርበኛል።»