የፊተኛው በር

«ስላፈጠጥሽበት ባቡሩ አይፈጥንም» አሉኝ ኪኑኤ ሳን፣ የመጠበቂያ ክፍሉን ወለል እየጠረጉ። «ሐዲዱን በዓይንሽ ጨረስሽው እኮ!»

«የዘገየ መሰለኝ።»

«ሰዓቱ መች ደረሰና?»

«ናዳ ወርዶ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው።»

«ፉሚ፣ አንቺ እኮ ፀሐይ ስትወጣም ጃንጥላ የምትፈልጊ ሰው ነሽ!» ብለው ሳቁ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ማንም ሳያዛቸው በየቀኑ መጥተው ጣቢያውን ይጠርጋሉ፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያሉትን ትራሶች የሰፉትም እሳቸው ናቸው።

ልጄ ማዶካ ዛሬ ትመጣለች። ናጎያ ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ አንድም ቀን ተመልሳ አታውቅም። የሄደች ዕለት «ከተማ ይበላሻል» አልኳት። «እዚህ ከምበሰብስ ይብላኝ» አለችኝ። በዚያው ተለያየን። ባለፈው ሳምንት ደውላ «እማዬ፣ የአንድ ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ» ስትለኝ፣ ደስ እንዳለኝ እንኳ ሳልነግራት ማስጠንቀቅ ጀመርኩ። ወፍራም ካፖርት ልበሺ። ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ ያዢ። የማታውቂው ሰው የሰጠሽን እንዳትበዪ። በቀትሩ ባቡር ትመጣለች፣ በማታው ትመለሳለች። በሁለቱ መሐል በዚህ መስመር የሚያልፍ ሌላ ባቡር የለም።

ድሮ ኮሞሪዛካ ጣቢያ እንዲህ አልነበረም። ከተራራው የሚወርደው ግንድና ከሰል እዚህ ይጫን ነበር። ጫኞቹ ቆመው ትኩስ ኑድል የሚበሉባት ሱቅ ነበረች። የጣቢያው ሹም ኦቺያይ ሳን ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው ቲኬት ሲቀበሉ የመንደሩን ልጆች በየስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ባቡሩም በሮቹን ሁሉ ይከፍት ነበር። ማዶካ በሄደች በዓመቱ እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ምትክ አልመጣም። የቲኬቱ መስኮት በጣውላ ተመታ። አሁን ሒሳብ የሚቀበለው ነጂው ራሱ ስለሆነ፣ እዚህ ሲቆም የሚከፈተው የፊተኛው ፉርጎ የፊት በር ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ የአገር ሰው የለም።

ባቡሩ ከቀርከሃው ጫካ ብቅ አለ። ሁለት ፉርጎ ነው። ልብሴን አስተካክዬ የፊቱ በር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆምኩ።

በሩ ተከፈተ። ማንም አልወረደም።

ነጂው ገና ልጅ እግር ነው። ቆቡን ነካ አድርጎ አየኝ። «ይሳፈራሉ?»

አልመጣችም። ጠዋት ጎደሬውን ስልጥ ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ ነበር። ትናንት አልጋዋን ሳነጥፍም እንዲሁ። ስለዚህ ወዲያው አመንኩ። አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ እንኳ አላየሁም።

«አይ፣ አልሳፈርም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በከንቱ አስቆምኩዎ» አልኩና ወገቤን እጥፍ አድርጌ እጅ ነሳሁ። ለእኔ ብሎ በር የከፈተን ሰው እንዲሁ መሸኘት አልችልም። ዓይኔም እንባ አቅርሮ ስለነበር ቀና ለማለት አልቸኮልኩም። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። የሆነ ነገር ሲንኳኳም ሰማሁ፤ ከጣሪያው የሚወርደው ጠፈጠፍ ነው ብዬ ተውኩት። መንኮራኩሩ መሽከርከር ጀመረ። እኔ አሁንም እንዳጎነበስኩ ነኝ።

«ፉሚ! ኋላ! የኋላውን እዪ፣ አንቺ ሴት!»

ቀና ስል የኋለኛው ፉርጎ ፊቴ ላይ እያለፈ ነበር። ማዶካ ከተዘጋው በር ጀርባ ቆማለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። በአንድ እጇ የበር መክፈቻውን ትጫናለች፣ በሌላው መስታወቱን ትደበድባለች። ወፍራም ካፖርት ለብሳለች።

ሮጥኩ። መሳፈሪያው አልቆ አጥሩ እስኪያቆመኝ ሮጥኩ። ኪኑኤ ሳን መጥረጊያቸውን እያውለበለቡ «ቁም! አንተ ልጅ፣ ቁም!» ይላሉ። ባቡሩ ድልድዩን ያዘ።

«አይዞሽ» አሉ እያለከለኩ ደርሰውብኝ። «ከዋሻው ማዶ ትወርድና በማታው ትመጣለች።»

«የማታው ወደ ናጎያ መመለሻዋ ነው» አልኩ። «እዚህ የሚቆመው በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ነው።»

«በመኪና ብትሄጂስ?»

የተራራው መንገድ ከዓምናው ጎርፍ ወዲህ እንዳልተከፈተ ራሳቸው ትዝ አላቸው።

ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ!»

«ማዶካ! የኋላው አይከፈትም እኮ! ኦቺያይ ሳን ከሄዱ ወዲህ አይከፈትም፣ ሁሉን ስነግርሽ ይህን ብቻ…»

«ሌሊት ሥራ ገብቼ ነው ያደርኩት፣ እንቅልፍ ጣለኝ። የጣቢያውን ስም ሳይ ብድግ አልኩ። ብጫን፣ ብጫን…» እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። «መስታወቱን ስመታ አትሰሚኝም? ምነው ጎንበስ እንዳልሽ ቀረሽ?»

«አልመጣችም ብዬ ነው» አልኳት።

ከጀርባዋ ባቡሩ ይንጓጓል።

«እማዬ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ገና ሳልወርድ እኮ እጅ ነስተሽ ሸኘሽኝ።»

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ዋሻው ዋጣት። መጀመሪያ ትልቅ ጩኸት መጣ፤ ቀጥሎ ምንም።

ኪኑኤ ሳን ክንዴን ያዙኝ። ስልኩን ከጆሮዬ አላወረድኩትም። ከእግራችን በታች ሐዲዱ ጥቂት አንሾካሾከ፤ ከዚያ እሱም ተወው።